ፋይል አሥራ ሰባት

ጎተንበርግ ከተማ፣ ከሆስፒታሉ ሥር፣
ሦስት ፎቅ ወደ ታች፣ አንሶላ ሳጣጥፍ፣ ስቆልል የማድር፣
ስልኬ እዚያ ድንጋይ ነው፤ ኔትወርክ አይወርድም፣
የአሳንሰሩ በር ከተዘጋ ወዲያ ማንም አይጠራኝም።

ስለዚህ እሑድ ማታ፣
ከማድቤት ጠረጴዛ ሽንኩርቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ ላፍታ፣
ኮምፒውተሬን ከፈትሁ።
አሮጌ ነው፤ ሲነሣ እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል፣
ማራገቢያው ይጮኻል፣ ሆዱ ይግላል፣
ከስንት ማንገራገር በኋላ ይበራል።
ገመዱም አመለኛ፣
አንገቱን ወደ ግራ ካልጠመዘዙለት ሥራ የማይወድ ዳተኛ።

ሰካሁት። ኮምፒውተሩ «ምንም አላየሁም» አለ።
ነቀልሁት፣ ጫፉን እፍ አልሁበት፤ አሁንም «ማን አለ?»
ስልኩ ደግሞ በተራው፦ «ይህን ኮምፒውተር ታምኚዋለሽ ወይ?»
ምን ጥያቄ ነው ይሄ? ስምንት ክረምት ሙሉ አብረን የለም ወይ?
አዎ አልሁት።

ሠላሳ አንድ ፋይል፣
ወንድሜ ልሳነወርቅ ከደሴ የላከው፣
ከሌሊት ተረኝነት፣ ከሆስፒታል ሲገባ፣
ነጭ ጋዋኑን ሳያወልቅ፣ የነርስነት ትምህርት ለእኔ የተረከው።
የስዊድንኛው መጽሐፍ በረዶ ነው፤ ስረግጠው ያንሸራትተኛል፣
እሱ ሲነግረኝ ግን ጉበቱም ኩላሊቱም
በየስሙ ቆሞ «ደኅና ዋልሽ?» ይለኛል።

ጎተትሁ፤ ለቀቅሁ። መሻገር ጀመረ፤
«ሰባት ደቂቃ ቀረ»።
ጥቂት ቆየና «ሁለት ሰዓት ቀረ»፣
ደግሞ «አንድ ደቂቃ»፤
«አንድ ሰው ነው የቀረን!» እያለ እንደሚምል የሚኒባስ ረዳት
ሲዋሸኝ አመሸ፤ የውጪው ዝናብም እንደሱ አላበቃ።

ከዚያ ቀጥ አለና «ቦታ የለም» አለኝ።
ጠባብ ቤት፣ ብዙ እንግዳ፤ ማንን ላስወጣ? ግራ ገባኝ።
የመጀመሪያ በረዶዬ ፎቶ፣ መቶ ስልሳ ሁለት፣
አጥሩ፣ የሰው መኪና፣ የገዛ ጫማዬ፣ ሁሉም ነጭ የለበሱበት፤
ያኔ ብርቅ ነበረ፣ ዛሬ በየዓመቱ በአካፋ የምዝቀው ዕዳ፤
ሰረዝሁት በሙሉ፣
ለወንድሜ ጉሮሮ መቀመጫ እንዲሰናዳ።

ሰኞ ሌሊት፣ ከመሬት በታች፣ ድምፁ ጆሮዬ ገባ፦
«ልብ አራት ክፍል አላት። በሮቿ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይከፈታሉ፤
በወጣበት በር የሚመለስ ደም የለም፤ አይገባ።»
አንሶላ አጠፍሁ፤ ቀኝ በላይ፣ ቀኝ በታች፣
ግራ በላይ፣ ግራ በታች፤
«ምንድን ነው የምትቆጥሪው?» ብላ
ብሪታ ከማድረቂያው ማሽን ወዲያ ሳቀች።

አሥራ ሰባት ላይ ትምህርቱ አለቀ፤ እሱ ግን መዝጋት ረሳ።
ወንበር ተጎተተ። ውሃ ተቀዳ። ከሩቅ ውሻ ተነሣ።
ከዚያም የሚስቱ የትርንጎ ድምፅ፦
«አትተኛም እንዴ? ሊነጋ ነው እኮ።»
«ሳንባው ይቀረኛል፤ ሳልጨርስ ብተኛም እንቅልፍ አይወስደኝ።»
«ትሰማዋለች ብለህ?»
ዝም አለ። ብርጭቆ ተቀመጠ።
«እንጃ። ስለ ልብ እስካሁን አንድም ቀን አልጠየቀችኝ።»

የተቀዳው በሐምሌ ነው። አሁን ኅዳር ነው።
አምስት ወር ሙሉ ኮምፒውተሬ ሆድ ውስጥ
እንዳልተከፈተ ፖስታ የቆየው ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ዝናብ ብቻ፤ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ።
የጎተንበርግ ጠብታ በማይደርስበት ግንብ፣
ሦስት ፎቅ ከአፈር በታች፣ በደረቀው አንሶላ ላይ፣
የደሴ ሐምሌ ወረደ።
አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ እጄን ሳላንቀሳቅስ ቆምሁ፤
ብሪታ መብራት የጠፋ መስሏት ቀና አለች።

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ አሳንሰሩን ጠራሁ፤
ኔትወርክ ወዳለበት፣ ወደ ላይ፣ ወደ ዝናቡ ወጣሁ፤
ስሟን እያወቅሁት፣ ለልሳነወርቅ ጻፍሁ፦
«ያቺ በግራ በኩል ላይና ታቹን የምትለየው በር፣
ባለ ሁለት ክንፏ፣ ስሟ ማን ነበር?»