ሦስት ሳንቲም

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ አስፋልት ባለቀበት፣
አምና ሽምብራ ማሳ፣ ዘንድሮ ቀይ ችካል ባለበት፣
ባለሦስት እግሩን ተከልኩ፣ ጭቃውን ረግጬ፣
የውሃ ልኩን አረፋ መሐል አቆምኩ፣ ትንፋሼን ውጬ።
አሮጌ መሣሪያ ነው፣ ከመጋዘን የወጣ፤
ያየውን ሁሉ ዘቅዝቆ፣ አናቱን ቁልቁል የሚያመጣ።
ለምጄዋለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ዓይኔ
የተዘቀዘቀ ሲያነብ፣ ለምን አላልኩም እኔ።

ጋሽ ደቻሳ ብቅ አሉ፣ የኩባንያ ካፖርት ደርበው፤
የቀን ዘበኛ ናቸው፣ ዱላ በብብት ሸጉጠው።
(የሚጠብቁት ማሳ አምና የራሳቸው ነበር፤
ስለዚያ አንነጋገርም። እሳቸው አያነሡም፣ እኔም አልደፍር።)

«እስቲ ልየው» አሉና፣ አንድ ዓይን ጨፍነው ጎንበስ፤
የረር በጫፉ ተሰቅሎ፣ ላም ሰማይ ረግጣ ስትመለስ
አዩ። ቀና አሉ ደግሞ፣ በባዶ ዓይን ሊያረጋግጡ፤
«ማነው የዋሸኝ?» አሉ፣ ሳይስቁ፣ ሳይቆጡ።

አስረዳሁ፤ ብርሃን በመስታወት ሲያልፍ ይጠላለፋል፣
የላዩ ወደ ታች፣ የታቹ ወደ ላይ ያልፋል።
«የእርስዎም ዓይን ይኸው ነው፤ ከውስጥ፣ ከኋላ ግድግዳው፣
ቁልቁል ነው የሚሳለው፣ ሰዉም፣ ዛፉም፣ ሜዳው።
አእምሮ ነው የሚያቃናው።»
          ደስ አለኝ፤ ያሸነፍኩ መሰለኝ።
እሳቸው አፈር ቆንጥረው፣ በጣታቸው እያሹ አዩኝ።
«አእምሮዬ ካቃናው፣ እሱንስ ማን ነገረው?
ላይና ታች የቱ እንደሆነ፣ የት ሆኖ ተማረው?»
«በልምድ» አልኩ። «ሕፃን ሳሉ፣ ወድቀው፣ ተነሥተው ደግሞ።»
«እኔም ስወድቅ ነው ያወቅሁት፤ ላይን ማን አየው ቆሞ?»

አልተዋጠልኝም። «ጋሼ፣ ይኼ የቃል ጨዋታ ነው፤
እኔ የምለው ይለካል፤ ማንም መጥቶ ቢደግመው
ያንኑ ቁጥር ያገኛል። የእርስዎን ማን ይድገመው?»
«ልክ ነህ» አሉ። (አልጠበቅሁም።) «የእኔ አይደገምም።
ሚስቴ የሞተች ለታ የሰማሁትን ድምፅ ዳግም
አልሰማሁትም።»
          «ነፋስ ይሆናል» አልኩ፤ ወዲያው ቆጨኝ።
«ይሆናል» አሉ። «ነፋስም ቢሆን፣ እሱ ነው ያስተኛኝ።»

ወደ ማምሻው ዙሪያውን ዞሬ፣ ከጀመርኩበት ነጥብ
ደረስኩ። ሒሳቡ አልዘጋም፤ ብደምር፣ ባካፍል፣ ባስብ፣
ሦስት ሳንቲም ጎደለ።
          «የት ገባች?» አሉኝ ሽማግሌው።
«የትም። ለሁሉም ነጥብ ይታደላል፤ ደንብ አለው።»
«አይተኸዋል ስሕተቱን?»
          «አላየሁትም።»
                    «ግን አለ?»
«ሒሳቡ ይላል።»
          ሳቃቸው ከሳል ጋር ተቀላቀለ።

በዱላ አመለከቱኝ፣ አምስተኛው ችካል አጠገብ፤
«እዚያ ምንጭ ነበረች» አሉ። ካርታዬን ዘርግቼ ባነብ
የለችም። ገረጋንቲ ተደፍቶበታል፣ ሁለት ሜትር ድፍን።
«አለች» አሉ። «ጆሮህን ስጣት፤ ለጊዜው ዓይንህን ጨፍን።»

ጨፈንኩ። ሲኖትራክ ያጓራል፤ ማዶ ብሎኬት ይመታል፤
ከሥሩ አንድ ስስ ነገር ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል።
የራሴ ደም ሥር ይሁን፣ ውሃ ይሁን፣ አልለየሁም።
መዝገቤ ላይ «አፈሩ ልል» አልኩ፤ ሌላ አልጨመርኩም።

ማታ፣ አምፖል ሥር፣ ሦስቷን ሳንቲም ሳካፍላት፣
ከደንቡ ውጭ፣ ለአምስተኛዋ ነጥብ ጥቂት አበዛሁላት።