አዞዘ

ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ የአራዳን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ዋለ፤
መብራት ሄደ፣ መጣ፤ የሱቄ ጣሪያ ግን ማፍሰሱን ቀጠለ።
አዛናው ገባ ከማራኪ ግቢ፣ ጃኬቱ በስብሶ፣
ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ጫማውን በጭቃ ለውሶ።

«እትዬ ውባለም፣ ይህ ማሽን አማርኛ ያውቃል፤
ግጥም ቢሉት ይጽፋል፣ ማመልከቻ ቢሉት ያረቃል።
የኔ ሥራ ግን ሌላ ነው፤
ካወቀው መሃል የሸመደደውን ነው የምለየው።»

«በምን ትለየዋለህ?»

«ግማሹን እሰጠውና ዝም እላለሁ።
አዲስ ነገር ከሆነ ያመነታል፣ እንደ እንግዳ እግሩን እየመረጠ፤
የሸመደደው ሲሆን ግን በቅሎ ነው፣ የጋጣው ሽታ የመጣለት፤
ልጓም ቢስቡት አይሰማም፣ ገብቶ ነው የሚቆመው ከቤት።»

ይህንስ ፈተና አውቀዋለሁ።
አጎቴ መሪጌታ ልሳነወርቅ ዳዊት የሚደግመውን ልጅ
ድንገት አቁመው «ከዚህ ቀጥል» ይሉት ነበር፣ ከመሃል፤
በዜማ ብቻ የያዘው ፊደሉ ይጠፋዋል፣
ከመነሻው ካልጀመረ መንገዱ ይዘጋበታል።
ብራና ሲያመሳክሩም አንድ ቃል ነበረቻቸው፦
«ልክ ልኩንማ ሁሉም ይጽፈዋል፤
ከማን እንደተገለበጠ የሚናገረው ስሕተቱ ነው፤
ስሕተት እንደ አባት ስም ይወረሳል።»

አዛናው ጻፈ፦ «አፋልጉን። ወንድማችን ሰጥአርጌ…»
ብሎ ጣቱን አነሳ።

ማሽኑ አላመነታም።
«…መጋቢት ሁለት ቀን ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም።
ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው፣ ግራጫ ሹራብ ለብሷል፣
ሲናገር ይንተባተባል።
ያየ ወይም የሰማ፣ ቤታችን አዞዘ፣ ከድልድዩ ማዶ…»

አዞዘ።

አዘዞን ማን የማያውቅ አለ? አዞዘ የሚባል ግን
በጎንደር ምድር የለም፤
የነበረው በኔ ጣት ላይ ነው፣ የዛሬ ዐሥራ አንድ ዓመት፣
እናቱ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ
ሁለት ፊደላት ቦታ ተለዋወጡብኝ።
ሁለት መቶ ቅጂ ወጣ። በየምሰሶው ተለጠፈ።
አንዱ ፎቶ አንስቶ በስልክ አዞረው።
ማንም አላረመው።

«ያዝኩት! እጅ ከፍንጅ!» አለ አዛናው፣
ሠንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ጨመረ።
ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል ነበር፤
ለዚህስ ሆድ ብቅልም አላሻው፣
ግማሽ ዓረፍተ ነገር በቃው።

እኔ ግን ዓይኔ ከስልክ ቁጥሩ ላይ ቀረ፤
እሱንም አንድ ሳያጎድል ዘርዝሮት ነበር።
ደወልኩ።
«የደወሉላቸው ደንበኛ…» አለች ሌላዋ ማሽን፣
እሷም በቃሏ የያዘችውን።

ጠባሳውን ያውቃል። ሹራቡን ያውቃል።
ግን አንድ ሌሊት እንኳ በር ሲንኳኳ አልደነገጠም፣
«መጣ ወይ?» ብሎ አልጠየቀም።
በቃል መያዝና መጠበቅ
ለካስ ዘመዳሞች አይደሉም።

«ይጥፋ ካልሽ» አለኝ አዛናው ሲወጣ፣ «እንዲረሳው ማድረግ ይሞከራል፤
እንደሚሆን ግን ቃል አልገባም።»
መልስ አልሰጠሁትም። የድሮውን ፋይል ከፈትኩ፤
ሁለቱን ፊደላት ወደየቦታቸው ልመልስ
ጣቴን አነሳሁ፣
መልሼ አወረድኩት።

ማን ያውቃል፤ ልጁ ዛሬ የሚኖረው እዚያ ይሆናል፣
ታክሲ በማይጠራው ሰፈር፣ ከድልድዩ ማዶ፣
አዞዘ።