መቶ ዐሥራ አራት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሰኞ ገበያ ዳር፣
ስንቱን ወገብ ለካሁ በዚች ቢጫ ሜትር።
ማን እንደከሳ አውቃለሁ፣ ማን እንደወፈረ፤
ልብስ ሰፊ ምስጢር ካወጣ፣ ለሰው ምን ቀረ?
መርፌ የነከሰ አፍ አያወራም፤
የሰው ስለካ ኖርኩ፣ የራሴን ግን አልለካም።

ሱሪዬ ሲጠብበኝ፣ «ጨርቁ ነው» እላለሁ፣
«ታጥቦ ነው የገባ» ብዬ እምላለሁ፤
ከኋላው ስፌቱን ሁለት ጣት እፈታለሁ።
ቀጥሎ ሦስት ጣት።
ቀጥሎ ግራጫ ቁራጭ፣ ሌላ ጨርቅ ቀጠልኩበት፤
ኮቴ ይሸፍነዋል፣ ማን አይቶ ሊያውቅበት?

ዲናሞው ነው ጥፋቱ።
ድሮ መኪናዬን እግሬ ነበር የሚያዞራት፣
ከጠዋት እስከ ማታ ስረግጣት፣ ስረግጣት።
አንዋር ልጄ መጣ፣ ከኮምቦልቻ ደመወዝ ይዞ፣
«አባ፣ ድካም ይብቃህ» አለ፤
ሞተር ገጠመልኝ፣ ሽቦውን ጠምዝዞ።
እግሬ ሥራ ፈታ።
ሆዴ ሥራ ያዘ፣ ከረፋድ እስከ ማታ፤
ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር፣ ከነእንድሪስ ፓስቲ ጋራ፣
ቅቤ ያልዋኘበትን ሽሮ ወጥ ብዬ አልጠራ፤
ዓርብ ዓርብ ጮማ፣ ከጓደኛ ጋር በተራ።

ደሴ ሜዳ የላትም። ሰው ዕዳውን የሚያውቀው ዳገት ላይ ነው።
አንድ ቀን ዳውዶን ስወጣ፣ ጣቃ ጨርቅ ተሸክሜ፣
ደረቴን ብረት ጨመቀኝ፤ ሦስት ጊዜ ቆሜ፣
ሦስት ጊዜ ስልክ እንደሚያወራ ሰው ጆሮዬን ይዤ ዋሸሁ፤
ጀሪካን ያዘለች ልጅ
«አይዞዎት አባ» ብላ ስታልፈኝ አየሁ።

ሲስተር የሺመቤት ክንዴን አሥራ ግፊቴን ለካች።
ዝም አለች። ከኪሷም ሜትር አወጣች፣
ያው የኔውን ዓይነት፣ ቢጫ፣ ጫፉ ያለቀ፤
እንብርቴን ዞረና ቁጥሩ ተጠየቀ።
«መቶ ዐሥራ አራት።»
«ሜትርሽ ተለጥጧል» አልኩ፣ የሠላሳ ዓመት ሙያ ጠቅሼባት።
ሳቀች፤ ጡጫዋን ጨብጣ፣ «ልብዎ ይቺን ታክላለች፤
ላንድ ሰው የተሰፋች፣ ሁለት ሰው ተሸክማለች።»

ቤቴ ገባሁ፣ በሬን ዘጋሁ፣ በራሴ ሜትር ለካሁ።
መቶ ዐሥራ አራት።
በማግስቱ ዲናሞውን ፈትቼ ከሣጥን ጣልሁ።

ጉልበቴ ሳምንት አቃሰተ፤ ስኳሩንም እንደ ክር
ባንዳንድ ማንኪያ መዘዝኩት፤ ሻዩ ሆነብኝ መራር።
ሰዓዳ ጎመን አበዛች፣ እጇን ከቅቤና ከጨው ያዘች፤
«ይሄ የጾም ቤት ነው ወይ?» ስላት፣ «የልብህ ቤት ነው» አለች።

ከሱብሂ በኋላ ጦሳ፣ ጭጋጉ ገና ሳይነሣ።
ሐኪሙ «በቀስታ» ብሎኛል፤ ያንንም አልችል መጀመሪያ፣
ባሕር ዛፉ ጋ ስደርስ ይሆን ነበር መመለሻ።
በወሩ ጠጠር መንገዱን፣ በሁለት ወር እስከ ድንጋዩ፤
ቁልቁል የደሴ ቆርቆሮዎች እንደ ሰፌድ እህል ሲታዩ።

አልዋሽም፤ ገራዶ ሰርግ ላይ አንድ ሌሊት ተሸነፍኩ።
ሦስት ሳህን። በሳምንቱ ሁለት ሴንቲ ወደ ኋላ ተመለስኩ።
ሲስተር አልተቆጣችም፤ «ክኒንዎን ብቻ አይርሱ፤
የተተረተረ ይሰፋል፣ ክርዎን ያንሡ።»

ዛሬ መቶ ሦስት ነኝ።
ግራጫዋን ቁራጭ ፈትቼ ሱሪዬን አጠበብኩ፤
እሷን ግን አልጣልኳትም፣ ከመሳቢያ አኖርኩ።

ትናንት ይመር መጣ፣ እህል ነጋዴው፣ ሱሪ ጠቅልሎ በፌስታል፤
ሦስት ደረጃ ወጥቶ ላቡን በእጅጌው ያብሳል።
«ጨርቁ ገባብኝ ሙህዬ፣ ሁለት ጣት ልቀቅልኝ።»
አፌ ላይ መርፌ ነበር። ነቀልኩት፤ ሳቅ ያዘኝ።
ምስጢር አላወጣም ብያለሁ።
«ለነገ ይደርሳል» አልኩት፣ «እዚህ ግን አትምጣ፣ የለሁም።
ከሱብሂ በኋላ፣ ጦሳ ሥር፣ ባሕር ዛፉ ዘንድ።
ሌላ ቦታ አልሰጥህም።»