አይሰበር ነገር

የፋሲካ ሳምንት፣ ዓፉላ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
መስኮት ሙሉ ፀሐይ ወለል ሲያብረቀርቅ፣
ከምድጃው አጠገብ፣ ከነጩ ድንጋይ ላይ፣
ቢጫ እድፍ ተቀምጧል፣ እንደማይወጣ ተከራይ።
እርድ ነው፤ የደፋው የሊአት እጅ ቸኩሎ፣
ዓርብ ሳይመሽ ድስቱን ከነክዳኑ አዘንብሎ።
«እማ፣ መቼም ይለቃል» ብላ በሩን ዘግታ
ሄደች፣ እኔን ከእድፉ ጋር ፊት ለፊት ትታ።

ያለምጌጥ እባላለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት
የሰው ደረጃ አጥቤ፣ የትምህርት ቤት ሽንት ቤት፣
ማስቲካ ከወንበር፣ ቀለም ከግድግዳ፣
አልለቅ ያለኝ የለም፣ ካልሆነ የራሴ ዕዳ።
ሥራ ለጀመረችው ለአዲሷ ለዝማም
ይሄን ነግሬያታለሁ፣ እውቀት አይቀማም፦

«ደም በቀዝቃዛ ነው፤ በሙቅ ከነካሽው
ዕድሜ ልኩን አይለቅ፣ አንቺው አበሰልሽው።
ዘይት ሲንጠባጠብ ዱቄት ነስንሺና
ይጠጣልሽ ዱቄቱ፤ አትቸኩይ ገና።
ከቧንቧው አፍ ዙሪያ ነጭ የሚከመረው
የሀገሩ ውሃ ነው፣ ኖራ ያስቸገረው፤
ኮምጣጤ ነክረሽ ጨርቅ፣ አስረሽበት እደሪ፣
ጠዋት ይረግፍልሻል፣ በጥፍርሽ አትጫሪ።
የመታጠቢያ ቤት ሻጋታ፣ ክረምት የሚያበቅለው፣
መስኮት ይፈራል እንጂ ብሩሽ መች ይነቅለው።
በረኪናና ኮምጣጤ ግን አንድ ባልዲ አታውያቸው፣
ላንቺ ሳንባ ነው የሚተርፈው የሁለቱ ጠባቸው።»

እንዲህ የምል ሴትዮ በራሴ ቤት ቸኮልሁ።
ሳሙና ሰጠሁት፤ ጠጣና ዝም አለ።
ሶዳ ለጠፍሁበት፤ ቢጫነቱ ዋለ።
ሎሚ ለሁለት ከፍዬ ድንጋዩን አሸሁ።
ሎሚ ምን ያደርጋል፣ የምንልሰው ነው፤
ቢጫው ሲሳሳልኝ እልልታ ነው የቀረው።
በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። እድፉ ተነሥቶ ሄደ፤
ወዙም ተከተለው። ድንጋዩ ዐይኑ ጠፋ፣
ሞራ የገባበት፣
ያይ የነበረ፣
አሁን የማያይ።

ሉድሚላ ከላይ ቤት ስኳር ልትበደር መጥታ
ዳበሰችው በጣቷ፣ እንደ ሐኪም ተጠግታ።
«እድፍ አይደለም ይሄ» አለች በስብርባሪ ዕብራይስጧ፤
ከዚያ ቃል አጠራት፤ እጅጌዋን ሰብስባ አሳየችኝ
ከክርኗ በታች የቆየ ቃጠሎ።
«ይሄ» አለች።
ገባኝ። ሎሚው በልቶታል፤ የተበላ አይታጠብም።

እናቴ ብታይ ኖሮ ሳቋን አትችለውም።
እሷ መንደር ፋሲካ ሲመጣ እድፍ አይፋቅም፤
ያመቱ ሸክላ በሙሉ፣ ድስቱም ማሰሮውም፣
ደጅ ወጥቶ ይሰበራል። ጥላሸቱም፣
ቅባቱም፣ ከጎረቤት የተረፈው ጠብም
ገል ይሆናል። ማግስቱን ጭቃ ይቦካል።
አዲስ ነገር ያን ያህል ቅርብ ነበር፤ ወንዝ ዳር።

እኔስ ምን ልስበር? ድንጋዩ የባንክ ነው፣
ከነግድግዳው ሃያ ሁለት ዓመት የቀረው።
መዶሻ ባነሣ ፋሲካ አይመጣልኝም፤
የሚመጣው ደብዳቤ ነው፣ እሱ ደግሞ አይለቅም።

ሉድሚላ ወጣችና ነጭ ዱቄት በብልቃጥ
ይዛ ተመለሰች፤ ባሏ የተወላት ነው።
በሕይወቱ ሳለ የመቃብር ድንጋይ ያለሰልስ ነበር።
ተራ በተራ አሸን፣ ክብ ክብ፣ ሳንናገር፣
ክንዳችን እስኪዝል፣ መብራት እስኪበራ።
ሊአት «የቱ ጋ ነበር?» አለች፣ ገብታ ከሥራ።
አላሳየኋትም።
ከጎን ሲያዩት አለ፤ እጄ ያውቀዋል።

የተረፈውን ግማሽ ሎሚ ሻይ ላይ ጨመቅነው፤
ልትበደረው የመጣችውን ስኳርም እዚያው ጨረስነው።