ሌዘር

«በሌዘር ነው የምናወጣው» ብትለው ዶክተር ኦብሴ፣
ጋሽ ኡርጌሳ ልባቡን ሳበ፤ «ና እንሂድ፣ ፈረሴ።
ሌዘርማ ሞጆ አለ፤ በሬም ፍየልም እዚያ ነው የሚሆነው፤
እኔ ዓይኑን ነው ያመጣሁት፤ ቆዳውን የጠየቀኝ ማነው?»

ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

ከግንባሩ እስከ አፍንጫው የፈሰሰች ወተት አለች፤
ቦራ ያሰኘችው እሷ ናት፤ ለፀሐይ የሰጠችውም እሷው ነች።
የዓይኑ ቆብ ነጭ ነው፤ ቆብ ተብሎ ጥላ የሌለው፤
ዘጠኝ ዓመት የአዳማ ሐሩር፣ ዘጠኝ ዓመት አቧራ የቆላው።
ባጃጅ አስፋልቱን ከቀማው ወዲህ በጓሮ በጓሮ ነው መንገዱ፦
ብሎኬት፣ አሸዋ፣ ፍርኖ፤ አንዳንዴም ቤት የለቀቀ ሰው፣ ከነድመቱ።

ዕጢዋ መጀመሪያ ምስር ነበረች፤ ቀጥላ ሽምብራ፤
አሁን ባቄላ፣ ቀይ፣ እርጥብ፣ ዝንብ የምትጠራ።
አንዴ በጋለ ማጭድ አስተኩሶታል፤ ጠባሳው ጉንጩ ላይ አለ፤
ጸጉሩ ቀረ፤ ዕጢው ግን ተመልሶ በቀለ።
«እናንተም ያው ትተኩሱታላችሁ?» አለኝ በሹክሹክታ፤
አዎ ብል ውሸት፣ አይ ብል ውሸት፤ ዝም አልኩ ለአፍታ።

መርፌው ያዘው። አንገቱ እንደ ረጠበ ገመድ ላላ፤
ክብደቱን እኔ ላይ ጣለ፤ እኔም ግድግዳው ላይ፣ ከኋላ።
መነጽር ታደለ፦ ለእሷ፣ ለእኔ፣ ለጋሽ ኡርጌሳ፤
ለቦራ ከቆቡ ሥር ማንኪያ የምታህል ብረት፣ ጨረሩ ዓይኑን እንዳይነሳ።

መብረቅ ነበር የጠበቅሁት። የመጣችው ቀይ ነጥብ ናት፣
ልጅ በክብሪት ጫፍ ቀለም ነክሮ ያስቀመጣት።
እሷ መንገድ ታሳያለች እንጂ የሚቆርጠው ሌላ ነው፤ አይታይም።
ድምፁ ትንኝ፤ ጭሱ ክር፤
ሽታው ግን ያው የማጭዱ ቀን፣ ያው የተቃጠለ ጸጉር።
ጋሽ ኡርጌሳ በክንዱ አፍንጫውን ይዞ፣ «ደሙ የታለ እንዴ?»
«ሲቀድ ይጠግናል» አለች፣ ቀና ሳትል፤ «ሁለቱም በአንዴ።»

ያኔ መብራት ጠፋ።

ነጥቧ የለችም። ትንኟ ዝም።
ባቄላዋ ተንጠልጥላለች፣ ግማሿ ሄዳ ግማሿ ሳትሄድ፤
ጀነሬተሩ ባዶ ነው፤ ዘበኛው ጀሪካን ይዞ ለነዳጅ ሲሮጥ ይሰማኛል።
የመርፌው ጊዜ እያለቀ፣ የቦራ ጆሮ አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰ።
በመስኮቱ ኮረብታው ላይ እነዚያ ረጃጅም ነጫጭ መዘውሮች
ዝግ ብለው ይዞራሉ፣ መብራት እንዳልጠፋበት ሰው።
ጋሽ ኡርጌሳ አያቸው።
«ይኸው ንፋስ ነው አቧራውን ዓይኑ ላይ የዘራው፤
አሁን ደግሞ እሱኑ ቆሜ ልለምነው?»
ከዚያ ለእኔም ይሁን ለፈረሱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ።
አራት ልጅ ትምህርት ቤት አድርሷል።
እሱን ማን ያድርሰው?»

አምፖሉ ሁለቴ ጠቀሰ፣ ሦስተኛው ላይ ጸና፤
ዶክተር ኦብሴ ግንባሯን ጠረገች፤ ነጥቧም ወደ ቦታዋ መጣች እንደገና።
ጀሪካኑ ዘግይቶ ደረሰ። ማንም አልወቀሰው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጋሪው በሩ ላይ ቆመ።
ቆቡ ደርቋል፤ ጠርዙ ላይ ጥፍር የምታህል ሮዝ ብቻ።
«ከፀሐይ ከልለው» ብላው ነበርና፣
የአሮጌ ጃኬቱን እጅጌ ቀዶ፣ በሲባጎ ሰፍቶ፣
ከሁለቱ ዓይኖች በላይ ጥቁር ክዳን አስሮለታል።
«ይኼ ነው ሌዘር» አለ፣ ሳይስቅ።

ቦራ አንገቱን ዘርግቶ ትከሻዬን አሸተተ፤
ያን ቀን የተደገፋትን ይሁን
ኪሴ ውስጥ የነበረውን ስኳር፣
አላውቅም።