የዓላማ መግለጫ

«ይህን ጥናት ለምን መረጡ?» ይላል ቅጹ፣
አምስት መቶ ቃል ነው የፈቀደው ገጹ።
መዝጊያው ዓርብ ማታ፣ እኩለ ሌሊት ላይ፣
በማን ሌሊት ይሆን? በነሱ ነው ወይስ በኮምቦልቻ ሰማይ?

በወጉ ጀመርኩት፦ «ራህመት እንድሪስ እባላለሁ፣
ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ሰባት ዓመት አስተምሬአለሁ፣
ለሳይንስ ያለኝ ጥልቅ ፍቅር...» ሰረዝኩት።
ይህንንማ ሺህ ሰው ይላል፤ እኔም አምና ብዬ ወደቅሁበት።

ማስታወቂያውን በቃሌ ይዤዋለሁ፦
ሙሉ ወጪ፣ የአራት ዓመት ደመወዝ፣ መድን፣
የቤት ኪራይ ድጎማ፣ የመሄጃ ቲኬት፤
ርዕሱ «ማቅለሚያን ከፍሳሽ የሚለይ ስስ ሽፋን»፤
ይህችን ሳነብ ነው ስልኬን ደፍቼ ዝም ያልኩት።

አባቴ የጨርቃ ጨርቁ፣ የማቅለሚያ ክፍሉ ሰው ነው፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጣቱ ሰማያዊ የነበረው፣
ሳሙና የማይደፍረው፣ ሎሚ የማያስለቅቀው፤
ሠርግ ቤት የጨበጠው ሁሉ እጁን አገላብጦ የሚያየው።
ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ ሼኩን ይጠይቅ ነበር፣
«ይሄ ቆሻሻ ነው ቆዳ?» እያለ፣ ቀልድ የሚመስል ነገር።

እኛ የቦርከና ዳር ልጆች ቀን መቁጠሪያ አልነበረን፣
ፋብሪካው ምን እንዳቀለመ ወንዙ ነበር የሚነግረን፦
ማክሰኞ ቀይ፣ ሐሙስ ጥቁር፣ አንዳንዴ ያ ደብዛዛ አረንጓዴ፣
የወታደር ጨርቅ ሲሠራ። «ዛሬ ሰልፈኛ ነው» ይል ነበር ታላቄ፣ ሙሄ።
ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘምዘም አንሶላዋን ወርዳ አጠበችው፤
ነጭ ገብቶ ሮዝ ወጣ። ምንም ሳትል ለልጇ ሠርግ አነጠፈችው።

ይህ ይጻፋል? በእንግሊዝኛስ ስንት ቃል ይፈጃል?
ቢጻፍስ፣ «ሳይንሳዊ አይደለም» ብሎ ኮሚቴው ይጥለዋል።

ቶፊቅ፣ የቢሮ ተጋሪዬ፣ ካቻምና በዚሁ መንገድ ሄዷል፤
አልፎ አልፎ ይጽፍልኛል፣ ጓንት አጥልቆ ፎቶ ይልካል።
«እዚህ ወንዙ ጥሩ ነው፣ ዓሣ ይታይበታል፤ ስለዚህ ለሙከራ
ቆሻሻ ውሃ ራሳችን ነን በሚሊግራም እየመዘንን የምንሠራ።»
እኔ ሳልመዝን፣ በጀሪካን፣ ከድልድዩ ሥር እቀዳለሁ፤
ይህንንም «ልምድ» በሚለው ሥር ልጽፈው አስቤ እተወዋለሁ።

ሰኞ ሐረጎን በሚኒባስ ወጣሁ፣ ደሴ፣ ትራንስክሪፕት ላሳትም፤
ጉሙ መንገዱን ውጦታል፣ ሾፌሩ ከጡሩንባው በቀር የሚያምነው የለም።
«ማኅተሙን የያዘው ሰው» አሉኝ ሬጅስትራር፣ «ለቅሶ ሄዷል፤
ሐሙስ ተመለሽ።» ሐሙስ መጣሁ። ሰውዬው አለ፤ ቀለሙ አልቋል።
ሳቄ አመለጠኝ። በቀለም ወንዝ ዳር ላደገ ሰው እንዴት እንዲህ
ለማኅተም የምትበቃ ሰማያዊ ጠብታ ትጠፋለች እንግዲህ?

«የመሣሪያ ልምድዎን ይዘርዝሩ።»
ስፔክትሮፎቶሜትራችን ከሄደ ወዲህ፣ በዚያ በጦርነቱ ኅዳር፣
ቀለም የምለካው በዓይኔ ነው፣ ጠርሙስ ከጠርሙስ ጎን ስደረድር፤
አባቴ ያስተማረኝ ነው፦ «በሰሜኑ መስኮት በኩል ያዥው፣
ፀሐይ ትዋሻለች፣ ጥላ ነው እውነቱን የሚነግርሽ» የሚለው።
ቅጹ ግርጌ «ሌላ ካለ» የምትል አንዲት መስመር አለች፣
ከአባቴ ስም ትንሽ ያጠረች።

ዓርብ ከመግሪብ በኋላ መብራት ሄደ። በስልኬ ባትሪ፣ ዘጠኝ ከመቶ፣
ያንን የአምናውን «ጥልቅ ፍቅር» ላክሁት፣ ቀኑ ብቻ ተለውጦ።
«ማመልከቻዎ ደርሶናል» አለኝ አንድ ማሽን፣ በማይደክም ትሕትና።
አባቴ ከፍራሹ ቀና አለና፣
«አሁን ገንዘብ የሚከፍሉሽ» አለ፣ «አራት ዓመት ሙሉ፣
ቀለም ከውሃ ለማስወጣት ነው?»
«አዎ አባዬ፣ ከተቀበሉ።»
ጥቂት ዝም አለ። ጣቶቹን በስልኩ ብርሃን አገላብጦ አያቸው፤
ጡረታ ከወጣ ወዲህ ነጥተዋል፣ ጥፍሩ ሥር ብቻ ነው የቀረው።
«ለኔ እኮ፣ ለማስገባቱ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ከፍለውኛል፤
አንቺ በአራት ከጨረስሽው... አብሽሪ፣ ርካሽ ወጥቶላቸዋል።»

ከዚያ ስልኬ ጠፋ።