ባለበት ሁኔታ

ከሊንከን ወጣ ብሎ፣ ከበቆሎ ጎተራው ጎን፣
መንግሥት የጠገበው ዕቃ የሚያድርበት መጋዘን፤
ነብራስካ፣ ሜዳው ሰፊ፤ ሃያ ሁለት ዓመቴ፣
ሙጫና ማኅተም ነው ሥልጣንና ጉልበቴ፤
የመጣውን ሁሉ ቁጥር እለጥፍበታለሁ፣
ከለጠፍኩም በኋላ የማን እንደነበር እረሳለሁ።

እግሩ የተሰበረ የዳኛ ወንበር፣
ከተዘጋ እስር ቤት የብረት አልጋ ክምር፣
አየር ማረፊያ ላይ ከመንገደኛ እጅ
የተነጠቀ መቀስ፣ በርሜል ሙሉ፣ ለሐራጅ፤
ጥርሱ የጎደለ የጽሕፈት መኪና፣
ቁልፉ የጠፋበት፣ ሆዱ የማይታወቅ ካዝና።
ስናወዛውዘው አንድ ነገር ይንኳኳል፤
መዝገባችን ግን "ባዶ" ይለዋል።

የሕጉ መሰላል ከላይ ወደ ታች ነው፤
ቢሮ ከቢሮ ነው ቅድሚያ የሚባባለው፤
ሠላሳ ቀን ዝም ካሉ፣ ለትምህርት ቤት ይባላል፣
ለሆስፒታል ይባላል፣ ለገጠር እሳት አጥፊ ይባላል፤
ሁሉም ፊቱን ካዞረ፣ ያኔ ይወጣል ለጨረታ፣
በአንዲት ሐረግ ታጅቦ፦ "ባለበት ሁኔታ"።
ዋስትና የለውም፣ መልሱልኝ የለውም፤
ጨረታም የናቀው፣ ብረቱ በኪሎ፣ እንጨቱ ለማንም።
አምቡላንሱን የገዛው ሰው አይስክሬም ይሸጥበታል፤
ጩኸቱ ያው ነው፤ አዋቂ ይደነግጣል፣ ልጅ ይሮጣል።

በኅዳር፣ የታጨደው ማሳ በነፋስ ሲያፏጭ፣
አንዲት አሮጊት መጣች፣ ጫማዋን ከደጁ ብረት ስታፋጭ።
"ዊልማ ክራይቼክ እባላለሁ፣ ከጉድጓድ ውሃ ቢሮ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁበት ጠረጴዛ እዚህ መጥቷል ዘንድሮ።"

መዝገብ ገለጥኩ። ቁጥር አርባ አራት አሥራ ሰባት፣
የኦክ እንጨት፣ ስድስት መሳቢያ፣ ደረጃ አራት።
"ተይዟል፣ ወይዘሮ። ከአሸዋ ኮረብቶቹ ማዶ
አንድ ትምህርት ቤት ጠይቆታል፤ ሐሙስ ይጫናል ማልዶ።"
"ጠረጴዛውን ማን ፈለገው? መሳቢያውን ነው፣ የግራውን፣ የሥሩን።"
"አንድ ቁጥር ነው ያለው፤ በየትኛው ሕግ ልነጥል አንዱን?"

ሰው ሲለምነኝ አውቃለሁ። እሷ አልለመነችም።
ተንበረከከች፣ ሳበች፣ ገለበጠች፤ ፈቃድም አልጠየቀችም።
ከመሳቢያው ሆድ ሥር፣ በእርሳስ፣ ደቃቅ ጽሑፍ፦

ሆልገር ስትሮም፣ ዘጠና ጫማ፣ ደረቀ።
መበለቷ ኖቮትኒ፣ መቶ አሥር፣ ጭቃ ብቻ።
ዱዌይን ፔፈር፣ መቶ አርባ። ደውሎ ዝም አለ፤
እኔም ዝም አልኩ፤ ስልኩን ግን አልዘጋሁበትም።

እንዲህ እያለ ወደ ሰባ ስም።

"ቅጹ ጥልቀት ይጠይቃል፣ የማን እንደሆነ አይጠይቅም፤
ቁጥሩን ለመንግሥት ሰጠሁ፤ ስሙን እንጨቱ ይያዝልኝ አልኩ፣ እንጨት አይከዳም።"
ቀና ብላ አየችኝ፦ "መዝገቡስ? ቁጥሩስ የት አለ?"
ባለፈው መጋቢት ተፈጭቷል፤ የማቆያ ዘመኑ አለፈ ተባለ።
ፈራሚው እኔ ነበርኩ። ይህን አልነገርኳትም፤
ያን ያህል ጀግና አይደለሁም።

የተሰረዙ ቅጾች ሰጠኋት፣ ጀርባቸው ንጹሕ፤ ባትሪ ያዝኩላት።
ወለሉ ላይ ተቀምጣ ስትገለብጥ፣ ስትገለብጥ፣ መሸባት።
ወረቀቱ አለቀ። የቀሩትን ሦስት ስሞች
መዳፏ ላይ ጻፈች።
ከዚያ መሳቢያውን መለሰች፣ በጉልበቷ ደግፋ፦
"ይነክሳል" አለች። "ከፍ አድርጎ መግፋት ነው። ንገራቸው።"

ሐሙስ፣ የጭነት መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ፣
"አስተያየት" የምትለዋን ጠባብ ሣጥን አገኘኋት፤
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶዋን ነበር የማልፋት።
ጻፍኩ፦ የግራው የታችኛው መሳቢያ ይነክሳል። ከፍ አድርጎ መግፋት።

የቀረውን አልጻፍኩም።
ልጆች ናቸው፤ ይገለብጡታል።